ምስልን የመቀደስ ሥርዓት በሂንዱ ቤተ መቅደሶች፤ ታሪኩና ለቅርስ ጠባቂ የሚያስነሣው ጥያቄ

መግቢያ

የሰው እጅ የጠረበው ድንጋይ ወይም ያቀለጠው ነሐስ የእጅ ሥራ መሆኑ ቀርቶ የሚመለክ የሚሆነው መቼ ነው? ይህ ጥያቄ ለሃይማኖት ሊቃውንት ብቻ የሚተው መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን ጥንታዊ ዕቃዎችን የሚመዘግብ፣ የሚጠግንና ለሕዝብ የሚያሳይ ባለሙያ ሁሉ በሥራው መካከል ይገናኘዋል። እርሱ በመዝገቡ ላይ «ሐውልት፤ ነሐስ፤ ቁመቱ ይህን ያህል» ብሎ ያሰፈረውን ዕቃ ሌላው ወገን «ጌታችን» ብሎ ይጠራዋልና። በሁለቱ አጠራሮች መካከል ያለው ርቀት በቃላት ላይ ብቻ የሚያበቃ ባለመሆኑ ጉዳዩ ፍርድ ቤት የደረሰበት፣ መንግሥታትንም ያከራከረበት ጊዜ አለ።

ይህ ጽሑፍ በሂንዱ ሃይማኖት ውስጥ አንድ ምስል በቤተ መቅደስ ሲተከል የሚፈጸመውን ሥርዓት አመጣጥና አፈጻጸም በአጭሩ ከገለጸ በኋላ፣ ከሥርዓቱ የመነጩትን የሕግና የሙያ ጥያቄዎች ለማሳየት ይሞክራል። ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ቃላት አጠቃቀም ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በእኛ ቋንቋ ለእንዲህ ያለው ነገር የተለመደው ቃል «ጣዖት» ነው። ይህ ቃል ግን ከስምነቱ ይልቅ ፍርድነቱ ያይላል። ሂንዱዎቹ ራሳቸው «ሙርቲ» ይሉታል፤ ቅርጽ የያዘ፣ አካል የነሣ ማለት ነው። ስለዚህ እዚህ «ምስል» በሚለው ቃል እንጠቀማለን። ሥርዓቱም «ፕራና ፕራቲሽታ» ይባላል። ፕራና እስትንፋስ፣ ፕራቲሽታ መትከል ወይም ማጽናት ነውና፣ ስሙ በአማርኛ ሲፈታ «እስትንፋስን መትከል» እንደ ማለት ይሆናል። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ልብ ይሏል።

የሥርዓቱ አመጣጥ

በሕንድ ምድር እጅግ ጥንታዊ የሆኑት የቬዳ መጻሕፍት የሚገልጹት አምልኮ ቤተ መቅደስም ሆነ ምስል የሚያስፈልገው አልነበረም። የዚያ አምልኮ ማእከል እሳት ነበር። መሠዊያው ለሥርዓቱ ይሠራል፤ ቅቤው፣ እህሉና ሶማ የተባለው መጠጥ ለእሳቱ ይቀርባል፤ ሥርዓቱ ሲፈጸም ቦታው ይተዋል። አማልክቱ በጸሎት ተጠርተው ይመጣሉ፣ ተሸኝተው ይሄዳሉ እንጂ በአንድ ቤት አይኖሩም። ይህን «መጥራትና መሸኘት» አንባቢ በልቡ ቢይዘው በኋላ ለምንናገረው ነገር ይጠቅመዋል።

ምስሎች ወደ አምልኮው የገቡት ቀስ በቀስ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛው መቶ ዓመት የነበረው የሰዋስው ሊቅ ፓታንጃሊ፣ የማውርያ ነገሥታት ወርቅ ለማግኘት ሲሉ ምስሎችን ያሠሩ እንደ ነበር ጠቅሷል። ይህም በዘመኑ ምስል የታወቀ፣ ገንዘብም የሚያስገኝ ነገር እንደ ነበረ ያስረዳል። ይሁን እንጂ የቬዳን ሥርዓት የያዙት ካህናት ነገሩን ወዲያው በደስታ አልተቀበሉትም። የማኑ ሕግ የተባለው መጽሐፍ በቤተ መቅደስ ምስል እያገለገሉ የሚተዳደሩትን ካህናት፣ ለሙታን መታሰቢያ በሚደረግ ግብር ላይ መጋበዝ ከማይገባቸው ሰዎች ጋር ይቆጥራቸዋል። በዘመናችን የሂንዱ ሃይማኖት ዋና ምልክት ሆኖ የሚታየው የቤተ መቅደስ አገልግሎት በጅማሬው የተናቀ ሥራ ነበር ማለት ነው።

ከ4ኛው እስከ 6ኛው መቶ ዓመት በጉፕታ ነገሥታት ዘመን በድንጋይ የታነጹ ቤተ መቅደሶች መታየት ጀመሩ። በ6ኛው መቶ ዓመት የኖረው የከዋክብት ሊቅ ቫራሃሚሂራ «ብሪሃት ሳምሂታ» በተባለው ታላቅ መጽሐፉ ውስጥ ስለ ምስል መጠን፣ ምስል የሚሠራበትን ዛፍ ስለ መቁረጥና ምስሉን ስለ መትከል ለየብቻ ምዕራፍ ሰጥቷል። እርሱ እንዳሰፈረው፣ ዛፉ ከመቆረጡ በፊት በነበረው ሌሊት መሥዋዕት ይቀርባል፤ በዛፉ ላይ የሚኖሩ የማይታዩ ፍጥረታትም ስጦታውን ተቀብለው መኖሪያቸውን ወደ ሌላ ስፍራ እንዲያዛውሩ ይለመናሉ። ምስሉን የሚተክለው ማን እንደሆነም ይደነግጋል። የቪሽኑን ምስል የቪሽኑ ወገኖች፣ የፀሐይን ምስል ማጋ የተባሉት ካህናት፣ የሺቫን ዐመድ የሚቀቡት አገልጋዮቹ፣ የቡድሃን የቡድሃ መነኮሳት፣ የጃይናዎችን ራቁታቸውን የሚኖሩት መናንያን እንዲተክሉ ያዝዛል። መሠረቱ ግልጽ ነው፤ ምስል ሕይወት የሚያገኘው ቋንቋውን በሚያውቅ ማኅበረሰብ እጅ ነው።

ከዚያ በኋላ «አጋማ» በሚል ስም የታወቁት የሥርዓት መጻሕፍት ተስፋፉ። የሺቫ፣ የቪሽኑና የእናት አምላክ ወገኖች የየራሳቸው መጻሕፍት አሏቸው። በደቡብ ሕንድ የቾላ ነገሥታት በገነኑበት ዘመን፣ ይኸውም ከ9ኛው እስከ 13ኛው መቶ ዓመት፣ ሥርዓቱ ከፍተኛ ደረጃ ላይ ደረሰ። ንጉሥ ራጃራጃ ቀዳማዊ በታንጃቩር ያሠራው የብሪሃዲሽቫራ ቤተ መቅደስ ማማው ወደ 60 ሜትር ይደርሳል። በ1010 ንጉሡ ለማማው ጫፍ የሚሆን በወርቅ የተለበጠ የመዳብ ጉልላት እንደሰጠ በግድግዳው ላይ ተቀርጾ ይገኛል። በዚያው ግድግዳ ንጉሡ፣ እኅቱ ኩንዳቫይና መኳንንቱ ያበረከቷቸው የነሐስ ምስሎች ከነቁመታቸውና ከነጌጣቸው ተዘርዝረዋል። ለእኛ ሙያ ይህ ጽሑፍ ከሺሕ ዓመት በፊት የተዘጋጀ የዕቃ መዝገብ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

የአፈጻጸሙ ቅደም ተከተል

አፈጻጸሙ እንደ አገሩና እንደ ወገኑ ይለያያል። ሆኖም ዋና ዋናዎቹ እርከኖች ተመሳሳይ ናቸው።

የመጀመሪያው ቁሱን መምረጥ ነው። የጥበብ መጻሕፍቱ ድንጋይን በድምፁ መርምረው ወንድ፣ ሴት ወይም ከሁለቱም ያልሆነ ይሉታል። ሲመታ እንደ ደወል ጥርት ብሎ የሚያስተጋባው ለወንድ አምላክ ምስል ይመረጣል። የነሐስ ምስል የሚሠራው በሰም ነው። ባለሙያው አስቀድሞ ምስሉን በሰም ይቀርጻል፤ ሰሙን በጭቃ ይለብጠዋል፤ ጭቃውን በእሳት ሲያግለው ሰሙ ቀልጦ ይወጣና ባዶው ስፍራ የቀለጠ ብረት ይፈስበታል። ጭቃው ሲሰበር ምስሉ ይወጣል። ከአንድ ቅርጽ ሁለት ምስል አይገኝም። በታሚል ናዱ ክፍለ ሀገር በስዋሚማላይ ከተማ ያሉ «ስታፓቲ» የሚባሉ ባለሙያዎች ዛሬም በዚሁ ዘዴ ከካቬሪ ወንዝ ዳር በሚገኝ ጭቃ ይሠራሉ።

ሁለተኛው ማንጻት ነው። የተጠናቀቀው ምስል በውኃ ውስጥ ይነከራል፤ ቀጥሎም በእህል ይሸፈናል፤ ከዚያም እንደ እንግዳ አልጋ ተነጥፎለት ያድራል። ወተት፣ እርጎ፣ ቅቤ፣ እንዲሁም የላም ሽንትና እበት የተቀላቀሉበት አምስት ዓይነት የማንጻት ቅልቅል ይዘጋጃል፤ በርሱና በልዩ ልዩ ውኃዎች ይታጠባል። አንዳንዶች ይህ ሁሉ በመሮና በመዶሻ ለደረሰበት ቁስል እንደ ፈውስ ነው ብለው ያስረዳሉ።

ሦስተኛው ዐይን ማብራት ነው። ቀራጺው የምስሉን ዐይን ሳይጨርስ ይተዋል፤ ወይም ተሠርቶ በጨርቅ ይሸፈናል። በተወሰነው ሰዓት በወርቅ መርፌ ወይም በወርቅ መሮ የዐይኑ ብሌን ይከፈታል። የመጀመሪያው እይታ ኀይሉ ብርቱ ነው ተብሎ ስለሚታመን በፊት ለፊቱ የሚቆም ሰው የለም፤ ምስሉ መጀመሪያ የሚያየው መስተዋት፣ ወይም ላም ከነጥጃዋ፣ ወይም ሌላ መልካም ነገር እንዲሆን ይደረጋል። የቀራጺው ሥራ እዚህ ላይ ያበቃል። ስጦታውን ተቀብሎ ይሰናበታል፤ ትናንት በእጁ እንደ ልቡ ሲያገላብጠው የነበረውን ምስል ከእንግዲህ የሚነካው ካህኑ ብቻ ነው።

አራተኛው የእስትንፋሱ መተከል ነው። ከቤተ መቅደሱ አጠገብ የእሳት ጉድጓዶች ያሉበት ጊዜያዊ ዳስ ይሠራል። በክር የተጠመጠሙ፣ በማንጎ ቅጠልና በኮኮናት የተከደኑ የውኃ እንስራዎች በመደዳ ይቀመጣሉ። ካህናቱ ለቀናት በእሳቱ ላይ መሥዋዕት እያቀረቡ መለኮታዊውን ኀይል በጸሎት ወደ እንስራው ውኃ ይጠራሉ። ካህኑ የምስሉን አካላት አንድ በአንድ እየነካ ለየአካሉ የተመደበውን የጸሎት ቃል ይደግማል። በመጨረሻም ውኃው በሰልፍ ተወስዶ በምስሉ ላይ፣ እንዲሁም በማማው ጫፍ ባለው ጉልላት ላይ ይፈስሳል። በደቡብ ሕንድ መላው በዓል «ኩምባቢሼካ» የሚባለው ከዚህ የተነሣ ነው፤ ኩምባ እንስራ ነውና። የድንጋዩ ምስል ከመቀመጫው ጋር የሚያያዘው ስምንት ነገሮች ተደባልቀው በሚሠራ ማጣበቂያ ሲሆን፣ ይህም በልማድ በየ12 ዓመቱ ገደማ ይታደሳል።

ምስሉ የሚተከልበት ጠባብና ጨለማ ክፍል «ጋርባግሪሃ» ይባላል፤ የማኅፀን ቤት ማለት ነው። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ምስሉ እንደ ንጉሥ ይኖራል። ጠዋት ይቀሰቀሳል፤ ይታጠባል፤ ይለብሳል፤ ይመገባል፤ ማታ ይተኛል። ሕዝቡም የሚመጣው ሊያየው ብቻ ሳይሆን በእርሱ ሊታይ ጭምር ነው።

የመጣው ሊሄድ ይችላል

ከላይ የተገለጸውን ብቻ የሚያነብ ሰው ሂንዱዎች መለኮት በድንጋይ ውስጥ ታስሮ ይቀራል ብለው የሚያምኑ ሊመስለው ይችላል። የሥርዓት መጻሕፍቱ የሚሉት ግን እንዲህ አይደለም። በሁሉ ያለው ለሰው ድካም ሲል በአንድ ስፍራ ለመገኘት ይፈቅዳል፤ የሚገኘውም ተጠርቶ ነው። ምስሉ ቢሰበር፣ አገልግሎቱ ቢቋረጥ፣ ወይም ሥርዓቱ ቢፈርስ ሊለየው ይችላል። የጥንቱ የቬዳ «መጥራትና መሸኘት» በድንጋዩ ቤተ መቅደስ ውስጥም አልጠፋም።

ይህ እምነት በተግባር የሚታይባቸው ሦስት ጉዳዮች አሉ። አንደኛው ጥገና ነው። በደቡብ ሕንድ ቤተ መቅደስ ከመጠገኑ በፊት በምስሉ ውስጥ ያለው ኀይል በጸሎት ወደ እንስራ ውኃ ይሳባል፤ «ባላላያ» በተባለ ትንሽ ጊዜያዊ ማደሪያም እንዲቆይ ይደረጋል። ያን ጊዜ ግንበኛውና ጠራቢው ያለ ፍርሃት ሥራቸውን ይሠራሉ። ሥራው ሲያልቅ ኀይሉ በአዲስ ኩምባቢሼካ ይመለሳል። በሌላ አነጋገር፣ ይህ ሃይማኖት ለጠጋኙ ባለሙያ የሥራ ፈቃድ የሚሰጥበት የራሱ ሥርዓት አለው።

ሁለተኛው ሆን ተብሎ የሚደረግ ስንብት ነው። በቤንጋል በዱርጋ በዓል ጊዜ በኮልካታ በኩማርቱሊ ሰፈር የሚገኙ ሠራተኞች ከገለባና ከወንዝ ጭቃ እጅግ ያማሩ ምስሎችን ይሠራሉ። ምስሎቹ ዐይናቸው ይበራል፤ እስትንፋስ ይተከልባቸዋል፤ ለጥቂት ቀናት ይመለካሉ፤ ከዚያም አምላኳ ተሸኝታ ጭቃው ወደ ወንዝ ይጣላል። ዩኔስኮ በ2021 በማይዳሰስ ቅርስነት የመዘገበው ምስሉን ሳይሆን በዓሉን ነው። ጠብቆ ማቆየትን የሙያው ሁሉ መጀመሪያ አድርጎ ለሚቆጥር ሰው ይህ ትልቅ ትምህርት ነው።

ሦስተኛው በአደጋ ጊዜ መሸሸግ ነው። በ1311 ማሊክ ካፉር የመራው የዴልሂ ሡልጣን ጦር እስከ ማዱራይ ዘለቀ። በዚያና በተከታዮቹ ዘመናት ብዙ ካህናት የነሐስ ምስሎቻቸውን በመሬት ቀበሩ። አንዳንድ የሥርዓት መጻሕፍት ምስል በፍርሃት ጊዜ እንዴት እንደሚቀበር ይደነግጋሉ፤ መቅበሩ ራሱ ሥርዓት ነበር ማለት ነው። የቀበሩት ሰዎች ሞቱ፤ ቦታው ተረሳ። በታሚል ናዱ እስከ ዛሬ ድረስ ገበሬ ሲያርስ ወይም ሠራተኛ መሠረት ሲቆፍር የሚወጡት ነሐሶች ብዙዎቹ የዚያ ዘመን አደራዎች ናቸው።

ስለ ሥሪራንጋም ቤተ መቅደስ የሚነገረው ታሪክ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በ1323 የዴልሂ ጦር ሲመጣ የቪሽኑ ምስል ከቤተ መቅደሱ ወጥቶ ከስፍራ ስፍራ ሲሰደድ ኖረና በ1371 ተመለሰ። በዚህ መካከል ግን በቦታው ሌላ ምስል ተተክሎ ይመለክ ነበር። እውነተኛው የትኛው ነው የሚል ክርክር ተነሣ። የቤተ መቅደሱ ዜና መዋዕል እንደሚተርከው፣ ጉዳዩን የፈታው የምስሉን ልብስ ያጥብ የነበረ አንድ ዐይነ ስውር ሽማግሌ ነው። ሁለቱም ምስሎች ከታጠቡ በኋላ ከልብሳቸው የተጨመቀውን ውኃ ቀመሰና «ጌታችን ይህ ነው» አለ። ሚዛንና መለኪያ ያልነበረው ይህ ምስክር የታመነው ዕድሜውን ሙሉ ባገለገለበት እጁ ነበር።

ምስሉ በሕግ ፊት

የእንግሊዝ መንግሥት ሕንድን በገዛበት ዘመን ዳኞች አንድ አስቸጋሪ ጥያቄ ገጠማቸው። ለምስል የተሰጠው መሬትና ወርቅ የማን ነው? ካህኑ አገልጋይ እንጂ ባለቤት አይደለም፤ ሰጪው ሞቷል። መልሱ ቀስ በቀስ ተገኘ፤ በሥርዓት የተተከለው አምላክ ራሱ የሕግ ሰውነት አለው ተባለ። በለንደን የነበረው ፕሪቪ ካውንስል በ1925 በአንድ የካልካታ ቤተሰብ መካከል ምስሉ በየትኛው ቤት ይቀመጥ በሚል የተነሣውን ክርክር ሲወስን፣ የምስሉ ፈቃድ ሊጠየቅ እንደሚገባውና በክርክሩ ጥቅም በሌለው ወኪል ሊወከል እንደሚገባ አስታወቀ። የነጻይቱ ሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1969 አምላኩ ገቢ ካለው ግብር ሊጣልበት እንደሚችል ፈረደ። ከሳሽ፣ ተከሳሽና ግብር ከፋይ የሆነ አምላክ ለሌላ አገር ሕግ ዐዋቂ ያስገርም ይሆናል። ለማነጻጸር ያህል፣ በ1960 የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሰውነት የሚሰጠው ለቤተ ክርስቲያኒቱ እንጂ በውስጧ ላሉ ንዋያተ ቅድሳት አይደለም።

ይህ የሕግ ሐሳብ ከሕንድ ውጭ የተፈተነው በፓቱር ናታራጃ ጉዳይ ነው። ናታራጃ ማለት የዳንስ ንጉሥ ማለት ሲሆን፣ ሺቫ በእሳት ቀለበት መካከል ሲጨፍር የሚያሳይ ምስል ነው። በ1976 በታሚል ናዱ በፓቱር መንደር፣ በ12ኛው መቶ ዓመት ተሠርቶ በፈረሰ ቤተ መቅደስ አጠገብ አንድ የቀን ሠራተኛ ሲቆፍር የነሐስ ምስሎች አገኘ። የተቀበረ ሀብት ያገኘ ሰው ለመንግሥት እንዲያስታውቅ የ1878 ሕግ ቢያስገድድም ናታራጃው በድብቅ ተሸጠ። ከእጅ ወደ እጅ አልፎ ለንደን ደረሰና በ1982 አንድ የካናዳ ኩባንያ ገዛው። ለግምትና ለጥገና በብሪቲሽ ሙዚየም እንዳለ የለንደን ፖሊስ ያዘው።

በክርክሩ የሕንድ መንግሥትና የታሚል ናዱ መንግሥት ብቻ ሳይሆኑ የፈረሰው ቤተ መቅደስና በፍርስራሹ ውስጥ የተገኘው የሺቫ የድንጋይ ምልክት ጭምር በወኪሎቻቸው አማካይነት ጠያቂ ሆነው ቀረቡ። ባለሙያዎች ምስሉን በፓቱር ከተገኙት ሌሎች ነሐሶች ጋር በአሠራሩ፣ በተጣበቀበት አፈርና ምስጥ በተወበት ምልክት ሳይቀር አነጻጸሩ። የመጀመሪያው ዳኛ፣ ከስምንት መቶ ዓመት በፊት ቤተ መቅደሱን የሠራው ሰው መንፈሳዊ ሐሳብ ዛሬም ሕያው እንደሆነ፣ ያም በሺቫው ምልክት አካል እንደያዘ ተቀበለ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ1991 ስለ ድንጋዩ ምልክት መወሰን አላስፈለገውም፤ ቤተ መቅደሱ ግን በሕንድ ሕግ ሰውነት ካለው በእንግሊዝ ፍርድ ቤትም ሊከስ ይችላል ብሎ ውሳኔውን አጸና። ምስሉ በዚያው ዓመት ወደ ሕንድ ተመለሰ።

ቅጂው፣ ሌባውና ጠባቂው

ሁሉም ጉዳይ እንደዚህ ቀና መልስ አላገኘም። በሲቫፑራም መንደር በ1951 የተገኘ ሌላ ናታራጃ ለቤተ መቅደሱ ከተሰጠ በኋላ፣ በ1954 ለጥገና ወደ ባለሙያ ተላከ። የተመለሰው ግን ቅጂው ነበር። ምእመናኑ ቅጂውን እያመለኩ ዓመታት አለፉ፤ እውነተኛው ተሸጦ ነበር። ነገሩን በ1965 በጽሑፍ ያጋለጠው የብሪቲሽ ሙዚየሙ ሊቅ ዳግላስ ባሬት ነው። በ1973 ኖርተን ሳይመን የተባለው አሜሪካዊ ባለጸጋ ምስሉን በ900,000 ዶላር ገዛው፤ ሕንድ ከሰሰች፤ በ1976 በተደረገ ስምምነት ምስሉ ለአሥር ዓመት ያህል አሜሪካ ከቆየ በኋላ በ1986 ተመለሰ።

እዚህ ላይ የሥርዓቱ ሐሳብ ከሙያችን ሐሳብ ጋር ይጋጫል። ለእኛ ዋናው ቅርስ እውነተኛው ነው፤ ቅጂው ዋጋ የለውም። ለሥርዓቱ ግን ዕድሜ መለኪያ አይደለም፤ ዛሬ የተሠራ ምስል እስትንፋስ ከተተከለበት ሙሉ ነው። ታዲያ የመንደሩ ሰዎች ምን ተሰረቁ? ሌባው የወሰደው አምላካቸውን ሳይሆን፣ አባቶቻቸው ለአምላካቸው የሰጡትንና እነርሱ በአደራ የያዙትን ነው። ስርቆቱ አደራን ማፍረስ በመሆኑ ቅጂው ጉድለቱን አይሞላውም።

ችግሩ ያለፈ ታሪክ አይደለም። የአውስትራሊያ ብሔራዊ ጋለሪ በ2008 ከ5 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ ከፍሎ የገዛው ናታራጃ ከሥሪፑራንታን ቤተ መቅደስ የተሰረቀ መሆኑ ተረጋግጦ በ2014 ተመልሷል። የታሚል ናዱ መንግሥትም ጠባቂ የሌላቸውን የመንደር ቤተ መቅደሶች ምስሎች እንደ ቲሩቫሩር ባሉ ከተሞች በተሠሩ የምስል ማከማቻዎች ውስጥ ሰብስቧል። ከሌባ ድነዋል፤ ነገር ግን ከመንደራቸው፣ ከመታጠቢያቸውና ከበዓላቸው ርቀዋል። በሌላ በኩል፣ በየዕለቱ በወተትና በውኃ የሚታጠብ፣ በእጅ የሚታሽ ነሐስ ከዘመን ብዛት ፊቱ ይለሰልሳል፣ ጣቶቹ ይሳሳሉ። በሙዚየም ያለው ወገን ግን እንደተሠራ ይታያል፤ ሆኖም በቤተ መቅደስ ልብስና አበባ ሸፍኖት ከፊቱና ከእጁ በቀር የማይታየው ምስል፣ በመስተዋት ሣጥን ውስጥ ራቁቱን ይቆማል። የትኛው ነው የተጠበቀው? ሁለቱም አንድ ነገር አትርፈው ሌላውን አጥተዋል።

ሥርዓቱ የማን ነው?

የመቀደስ ሥርዓት ሥልጣን ስላለበት ጠብም አያጣውም። የታንጃቩር ታላቅ ቤተ መቅደስ በየካቲት 2020 ከ23 ዓመት በኋላ ኩምባቢሼካ ሲደረግለት፣ ጸሎቱ በሳንስክሪት ይሁን በታሚል የሚል ክርክር ተነሥቶ ነበር። የማድራስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በሁለቱም ቋንቋዎች እንዲፈጸም ወሰነ።

ከዚህ እጅግ የከበደው የአዮድያ ጉዳይ ነው። በታኅሣሥ 1949 በአንድ ሌሊት የራማ ምስል በ16ኛው መቶ ዓመት በተሠራው የባብሪ መስጊድ ውስጥ በድብቅ ተቀመጠ። መስጊዱ በታኅሣሥ 6 ቀን 1992 በሕዝብ እጅ ፈረሰ፤ በተከተለው ሁከትም ብዙ ሰው አለቀ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በኅዳር 9 ቀን 2019 ሁለቱንም ድርጊቶች ሕገ ወጥ ብሎ ካወገዘ በኋላ፣ 2.77 ኤከር የሆነውን ቦታ ለቤተ መቅደሱ እንዲውል ወሰነ፤ ለሙስሊሞቹ ወገን ለመስጊድ የሚሆን 5 ኤከር በሌላ ስፍራ እንዲሰጥ አዘዘ። የሕፃኑን ራማ የሕግ ሰውነት ተቀብሎ የመሬቱን ግን አልተቀበለም። በጥር 22 ቀን 2024 ጠቅላይ ሚኒስትሩ በተገኙበት የአዲሱ ምስል እስትንፋስ ተተከለ። ግንባታው ገና አላለቀም ነበርና ከታላላቅ የሃይማኖት መሪዎች መካከል ያላለቀ ቤት መቀደስ የለበትም ብለው የተቃወሙ ነበሩ። ለአንዱ ወገን የዘመናት ተስፋ የተፈጸመበት፣ ለሌላው ደግሞ የፈረሰ የጸሎት ቤት ሐዘን የታደሰበት ዕለት ሆኖ አለፈ። አንድ ምስል የተተከለበት ስፍራ ምን እንደነበረም የታሪኩ ክፍል ነው።

መደምደሚያ

ይህን የሩቅ አገር ነገር ማንሣታችን ከእኛም ጉዳይ ጋር የሚገናኝበት ስላለ ነው። የፓቱሩ ናታራጃ የተያዘበት ብሪቲሽ ሙዚየም 11 ታቦታትን ይዟል፤ አብዛኞቹም በ1868 ከመቅደላ የተወሰዱ ናቸው። በርግጥ ታቦት ምስል አይደለም፤ የሁለቱ ሃይማኖቶች ትምህርትም አንድ አይደለም። ሆኖም በጳጳስ ተባርኮ የከበረ ነገር በቡራኬው ምክንያት ከተራ ዕቃ ተለይቶ መታየቱ ያመሳስላቸዋል። ሙዚየሙ ራሱ የገዛ ሠራተኞቹ እንኳ እንዳያዩአቸው ከልሎ ማስቀመጡ፣ ቅዱስነታቸውን በተግባር መቀበሉን ያሳያል። በ2002 በኤዲንብራ አንድ ቤተ ክርስቲያን በቁም ሣጥን ውስጥ የተገኘውን ታቦት ሲመልስ አዲስ አበባ የተቀበለችው እንደ ዕቃ ሳይሆን በዝማሬና በእልልታ ነበር።

ከዚህ ሁሉ ለሙያችን የምናገኘው ምክር ቀላል ነው። የቅርስ መዝገብ ቁመትን፣ ክብደትን፣ ቁስንና ዘመንን ይጠይቃል። በዚህ ላይ ሦስት ጥያቄዎች ሊጨመሩ ይገባል፤ ዕቃው ተቀድሶ ነበርን? ከአገልግሎት የወጣው በማን ፈቃድና በምን ሥርዓት ነው? ሊነካው፣ ሊያየው፣ ሊጠግነው የሚገባውስ ማን ነው? ሁለተኛው ጥያቄ መልስ ያጣ እንደሆነ፣ ዕቃው የእኛ ንብረት ሳይሆን የተቋረጠ አደራ ሊሆን እንደሚችል ማሰብ አለብን። የሥሪራንጋሙ አጣቢ ያለ መዝገብ ያወቀውን እኛ ማወቅ የምንችለው ጠይቀን በመጻፍ ነው፤ የሚጠየቁት ሽማግሌዎችም ሁልጊዜ አይኖሩም።